የኦክ ፍሬ፣ የአሣማ ስብና የጥራት መለኪያ ታሪክ

ልምድ ያለው ንብ አርቢ ማር ሲቀምስ ንቧ የቀሰመችውን አበባ ይናገራል። አደይ አበባ ሲያብብ የተሠራ ማር በሌላው ወራት ከሚቆረጠው በመልኩም በጣዕሙም ይለያል። ቅቤም እንዲሁ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ላም ለምለም ሣር ስትግጥ የሚገኘው ቅቤ በበጋ ገለባ ከሚገኘው ይልቅ ቢጫነቱ ይደምቃል። እንስሳ የተመገበው ነገር በሚሰጠው ምርት ላይ ምልክቱን እንደሚተው የኢትዮጵያ ገበሬ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። ይሁን እንጂ ማወቅና ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሻጭና ገዥ በማይተዋወቁበት ሰፊ ገበያ፣ «ይህ ምርት ከዚህ መስክ የተገኘ ነው» የሚል ሰው ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃውም መለኪያ ይፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ ካለባቸው መስኮች አንዱ በደቡብ ምዕራብ ስፔን በዛፍ ሥር እየተሰማራ የሚያድገው አሣማ ነው። በኢትዮጵያ አሣማ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ማዕድ የማይቀርብ እንስሳ እንደ መሆኑ፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ምግቡ ማውራት አይደለም። ዓላማው ከምግቡ በስተጀርባ ያለውን የሙያ ጥያቄ መመርመር ነው። የአንድ ምርት ጥራት የሚረጋገጠው ተሠርቶ ባለቀው ዕቃ ላይ ነው ወይስ በሚሠራበት ቦታ? ከፈሰሰ ኮንክሪት ናሙና ወስዶ በመጭመቂያ መሣሪያ ለሚፈትን፣ ነገር ግን ድብልቁ ሲዘጋጅ በቦታው ላልነበረ መሐንዲስ ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ጫካን በአሣማ መቁጠር

የታሪኩ መነሻ ኦክ የተባለው ዛፍ ነው። ኦክ በኢትዮጵያ ደኖች በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ አይደለም። ፍሬው የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ በጠንካራ ልጣጭ የተሸፈነና በአንድ ወገኑ ትንሽ ቆብ የደፋ የሚመስል ነው። በመከር ወራት በስሎ ይረግፋል። በውስጡ ብዙ ስታርች፣ መጠነኛ ዘይትና በጣም ጥቂት ፕሮቲን ይገኛል።

ይህ ፍሬ የአሣማን ሥጋ እንደሚለውጥ ጥንታውያን ሮማውያን ያውቁ ነበር። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው ፕሊኒ ስለ ተፈጥሮ ታሪክ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የዛፎችን ፍሬ በየዓይነቱ እየለየ፣ ቢች ከተባለው ዛፍ ፍሬ የበላ አሣማ ንቁ እንደሚሆንና ሥጋውም ለማብሰል ቀላልና ለሆድ የሚስማማ እንደሚሆን፣ የኦክ ፍሬ የበላው ግን ከሁሉ ይልቅ እንደሚከብድ ገልጿል። በዚያው ዘመን የነበረውና ዛሬ ካዲዝ በምትባለው የስፔን ከተማ የተወለደው ኮሉሜላ ደግሞ በእርሻ መጽሐፉ፣ ልዩ ልዩ ዛፎች ያሉበት ጫካ ፍሬው በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ መንጋውን ከሞላ ጎደል ዓመቱን ሙሉ ሊያጠግብ እንደሚችል አስተምሯል። የሁለቱም ዕውቀት የተገኘው በዓይንና በምላስ ነው፤ ቁጥር አልነበረበትም።

ቁጥሩን ያመጣው ግብር ነው። በ654 ዓ.ም. ገደማ በስፔን የቪሲጎት ነገሥታት ያወጡት የሕግ መጽሐፍ፣ ፍሬ በሚረግፍበት ወራት አሣማውን በሌላ ሰው ጫካ ስለሚያሰማራ ሰውና ለጫካው ባለቤት ስለሚከፈለው አሥራት የሚደነግጉ አንቀጾች ነበሩት። በ1086 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ዊልያም አገሩን በሙሉ አስቆጥሮ ባስመዘገበበት መዝገብ ደግሞ፣ በብዙ አውራጃዎች የጫካው ስፋት የተጻፈው በመሬት መለኪያ አይደለም። ጸሐፊዎቹ በየመንደሩ «ለይህን ያህል አሣማ የሚበቃ ጫካ» እያሉ መዝግበዋል። በ1217 ዓ.ም. የወጣው የጫካ ቻርተር ማንኛውም ነጻ ሰው አሣማውን በገዛ ጫካው የማሰማራት መብት እንዲኖረው ፈቅዷል። በደቡብ እንግሊዝ ኒው ፎረስት በተባለው ጫካ ይኸው ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። በየዓመቱ በመከር ወራት አሣማዎች ይለቀቁና የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ይህም ጥሬው ፍሬ የሚመርዛቸውን ፈረሶችና ከብቶች ከጉዳት ያድናል።

የ1086ቱ መዝገብ ጸሐፊዎች የተጠቀሙበት መለኪያ ለዛሬ ሰው የዋህነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከተው አስተዋይነት አለበት። የጫካው ባለቤት ማወቅ የሚፈልገው የዛፉን ቁመት ወይም የመሬቱን ስፋት ሳይሆን ጫካው ስንት ነፍስ እንደሚመግብ ነበር። መለኪያው የተመረጠው ከአገልግሎቱ ተነሥቶ ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ የስፔን ሕግ አውጪዎች ወደዚሁ ሐሳብ እንደሚመለሱ ወደ ኋላ እንመለከታለን።

የማያመሰኳ እንስሳ

የኦሪት ሕግ አሣማን ከሚበሉት እንስሳት የለየው ሰኮናው የተሰነጠቀ ሆኖ ሳለ ስለማያመሰኳ ነው። ኦሪት ይህን የጠቀሰው ንጹሑን ከርኩሱ ለመለየት ነው። የኋላ ዘመን ሳይንስ ደግሞ ያንኑ ጠባይ በሌላ መንገድ ሲመረምረው፣ የአሣማ ስብ ከበሬና ከበግ ስብ ለምን እንደሚለይ ዋናውን ምክንያት በውስጡ አግኝቶታል።

የሚያመሰኩ እንስሳት የበሉት ሣር መጀመሪያ የሚገባው በትልቁ ጨጓራቸው ነው። በዚያ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት በሣሩ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ዘይት ሃይድሮጂን እየጨመሩበት አብዛኛውን ወደ ጠጣር ስብ ይለውጡታል። ስለዚህ በሬ ምንም ዓይነት መኖ ቢበላ ሞራው ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። አሣማ ግን እንደ ሰው አንድ ጨጓራ ብቻ ያለው ነው። በምግቡ ውስጥ የነበረው ዘይት ሳይለወጥ ከአንጀቱ ወደ ደሙ ያልፍና በቆዳው ሥርና በሥጋው መካከል ይከማቻል።

የአሣማ ስብ ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው እንስሳው ራሱ ከስታርች የሚሠራው ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ ፓልሚቲክና ስቴሪክ የተባሉት ጠጣር የስብ አሲዶችና ኦሌይክ የተባለው ለስላሳ የስብ አሲድ ይገኛሉ። ሁለተኛው በቀጥታ ከምግብ የሚወሰደው ነው። ሊኖሌይክ የተባለውን አሲድ አሣማ በሰውነቱ መሥራት ስለማይችል፣ በስቡ ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ከበላው ነገር የመጣ ነው። ስለሆነም የአሣማ ስብ እንስሳው በመጨረሻዎቹ ወራት የበላው ሁሉ የተመዘገበበት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

የኦክ ፍሬ ከያዘው ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ይኸውም በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ዓይነት ነው። ፍሬውን ለሁለትና ለሦስት ወራት የበላ አሣማ በቆዳው ሥር ካለው ስብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው አሲድ ይሆናል፤ ሊኖሌይክ አሲዱ ደግሞ ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ዝቅ ይላል። ይህ ለሥጋው ጥራት ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፣ ስቡ በክፍል ሙቀት መቅለጥ ስለሚጀምር ሥጋው ሲቆረጥ ያብረቀርቃል፣ አፍ ውስጥም ይሟሟል። ሁለተኛ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ከኦሌይክ አሲድ ይልቅ በአየር ኦክሲጅን በቶሎ ስለሚበላሽ፣ እርሱ ያነሰበት ሥጋ ሳይሻግት ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሆኖም ፍሬው ብቻውን ሥራውን አይፈጽምም። ፕሮቲን ስለሚያንሰው አሣማው ከዛፉ ሥር ያለውን ለምለም ሣር አብሮ ይግጣል። ሣሩ ፕሮቲኑን በመጠኑ ከማሟላቱም በላይ ብዙ ቪታሚን ኢ ይሰጣል። ቪታሚን ኢ በሥጋው ውስጥ ተከማችቶ ስቡን ከኦክሲጅን ይጠብቃል። በስፔን የአሣማው የኋላ ጭን በጨው ታሽቶ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት ተሰቅሎ የሚደርቅ በመሆኑ ይህ ጥበቃ ወሳኝ ነው። በዚያ ረጅም ጊዜ ስቡና ፕሮቲኑ ቀስ በቀስ እየተሰባበሩ መዓዛውን ይፈጥራሉ። ሂደቱ ከፈጠነ ሥጋው ይበላሻል፤ በዝግታ ከሄደ ደግሞ የታወቀው ጣዕም ይገኛል። እንግዲህ ዝግታው በከፊል የሚወሰነው በማድረቂያው ቤት ሳይሆን ከዓመታት በፊት በዛፉ ሥር ነው።

የዴሄሳ ስሌት

ዛፍ፣ ሣርና እንስሳ የተጣመሩበት መሬት በስፔን ዴሄሳ ይባላል። ቃሉ የተከለለ ወይም የተጠበቀ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በኤስትሬማዱራ፣ በምዕራብ አንዳሉሲያና በሳላማንካ፣ ድንበር ተሻግሮም በፖርቱጋል አሌንቴጆ ይገኛል። ሲመለከቱት የተፈጥሮ ጫካ ቢመስልም ሰው የሠራው ነው። ጥቅጥቁ ደን በብዙ ትውልድ ሥራ ሳስቶ፣ የቀሩት ኦኮች እየተገረዙ ቅርንጫፋቸው እንዲሰፋ ተደርጎ፣ በመካከላቸው ሣር እንዲበቅል ተተወ። ከዛፎቹ አንዱ ዓይነት ቅጠሉ የማይረግፈው ኦክ ሲሆን፣ ሌላው ቅርፊቱ ለጠርሙስ ቡሽ የሚላጠው ነው።

ፍሬ የሚበላበት ወራት ሞንታኔራ ይባላል። ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ የካቲትና መጋቢት ይዘልቃል። ከዚያ በፊት እረኛው አሣማውን በጥቂት መኖ እየመጠነ ያቆየዋል፤ አጥንቱና ቁመቱ ያድጋል እንጂ አይወፍርም። ፍሬው መርገፍ ሲጀምር የተራበው እንስሳ በቀን እስከ 10 ኪሎ ግራም ፍሬ ይበላል። ልጣጩን በጥርሱ ፈልፍሎ ይተፋና ውስጡን ብቻ ይውጣል። አንዱን ዛፍ ጨርሶ ወደ ሌላው ስለሚሄድና ውሃ ወዳለበት ስለሚወርድ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አሣማው አንድ ኪሎ ግራም ክብደት ለመጨመር በግምት 10 ኪሎ ግራም ፍሬ ያስፈልገዋል። በሞንታኔራ 50 ኪሎ ግራም እንዲጨምር ከተፈለገ ወደ 500 ኪሎ ግራም ፍሬ ይፈጃል ማለት ነው። አንድ ሄክታር ዴሄሳ በመልካም ዓመት ከዚህ ብዙም የማይበልጥ ፍሬ ስለሚሰጥ፣ ለአንድ አሣማ አንድ ሄክታር ያህል መሬት ያስፈልጋል። በክፉ ዓመት ደግሞ ዛፎቹ ከግማሽ በታች ሊያፈሩ ይችላሉ። ስለዚህ የጥንቱ እረኛ በየዓመቱ በመስከረም ዛፎቹን እየዞረ፣ ቅርንጫፎቹን ቀና ብሎ እያየ ፍሬውን ይገምት ነበር። ስንት አሣማ እንደሚገባም የሚወሰነው በዚያ ግምት ነበር። ምርቱን ለማሳደግ ሌላ መንገድ የለም። ፋብሪካ ሌሊት በመሥራት ምርቱን ሊጨምር ይችላል፤ ኦክ ግን አይታዘዝም።

አንድ መኖ፣ ሁለት ፍርድ

መኖና ስብ ያላቸው ግንኙነት በላቦራቶሪ በሰፊው ከተጠናባቸው አገሮች አንዱ አሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም የገበያ ጠብ ነበር። በደቡባዊ ግዛቶች ገበሬዎች የለውዝ ማሳቸውን ከሰበሰቡ በኋላ በመሬት ውስጥ የቀረውን እንዲለቅሙ አሣማ ይለቁ ነበር። ወጪ የሌለበትና አሣማውን በፍጥነት የሚያወፍር ዘዴ ነበር። ችግሩ የመጣው በቄራዎቹ ዘንድ ነው። የለውዝ ዘይት ያለ ለውጥ ወደ ስቡ ስለሚገባ ሥጋው ቀዝቅዞም አይጠነክርም፣ ሲቆረጥ ቅርፁን ይለቃል፣ ሞራውም ዘይት ይሆናል። ሥጋ ገዥዎቹም «ለስላሳ» ባሉት ሥጋ ላይ ዋጋ ይቀንሱ ጀመር።

በዚህ ክርክር መነሻነት የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ሊቃውንት ኤሊስና ሃንኪንስ ጥናታቸውን በ1925 ዓ.ም. ማውጣት ጀመሩ። ዘይት ያነሰበት መኖ የበላ አሣማ ከስታርች በሚሠራው ጠጣር ስብ እንደሚወፍር፣ ዘይት የበዛበት መኖ የበላው ግን የመኖውን ዘይት እንደሚመስል በቁጥር አሳዩ። የፕሊኒ ዕውቀት በዚህ ጊዜ የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ አገኘ።

የሚያስገርመው ግን በ1926 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት ስሚዝፊልድ በተባለች ከተማ የሚዘጋጀውን ዝነኛ የደረቀ ጭን ስም የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። እውነተኛ የስሚዝፊልድ ጭን ለመባል፣ አሣማው በቨርጂኒያ ወይም በሰሜን ካሮላይና የለውዝ ቀበሌ ያደገና ለውዝ የበላ፣ ሥጋውም በዚያችው ከተማ የተዘጋጀ መሆን ነበረበት። ለተራው ቄራ ጉድለት የነበረው ለስላሳ ስብ ለስሚዝፊልድ ባለሙያ የስሙ መሠረት ሆነ። ከዚህ የምንረዳው ጥራት በራሱ የቆመ ባሕርይ አለመሆኑን ነው። መለኪያው ከመመረጡ አስቀድሞ ዕቃው ለምን እንደሚውል መታወቅ አለበት። የስሚዝፊልድ ሕግ ግን እንደ ወጣ አልቀረም። በ1966 ዓ.ም. ሲሻሻል ስለ ለውዝ የሚናገረው ግዴታ ተሠረዘና የከተማይቱ ስም ብቻ ቀረ። በስሙ ይጠበቅ የነበረው አመጋገብ ከሕጉ ሲወጣ ስሙ የዝግጅት ቦታና ዘዴ ምልክት ብቻ ሆነ።

የመከራው ዘመን

በስፔን ደግሞ አደጋው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ሞንትጎመሪ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1921 ዓ.ም. በኬንያ ከአውሮፓ በገቡ አሣማዎች ላይ ያየውን አዲስ ገዳይ በሽታ ገልጾ ነበር። የአፍሪካ የአሣማ ወረርሽኝ የተባለው ይህ በሽታ ከርከሮን ሳይገድል በውስጡ ይኖራል፤ ከከርከሮ ጉድጓድ መዥገርም ጋር ይዛመዳል። በ1957 ዓ.ም. በሽታው በሊዝበን አጠገብ ተከሠተ፤ ምክንያቱም ከአውሮፕላን የወረደ የምግብ ትርፍራፊ ለአሣማ በመሰጠቱ እንደሆነ ይታመናል። ለጊዜው ቢጠፋም በ1960 ዓ.ም. እንደገና ተነሣና በዚያው ዓመት ወደ ስፔን ተሻገረ።

በዴሄሳ ለነበረው አረባብ ይህ ከባድ ምት ነበር። በነጻ የሚሰማራ መንጋ ከመንጋ ይገናኛል። በየእርሻው የነበሩት የድንጋይና የጭቃ ጋጣዎች ስንጥቃቸው የመዥገር መኖሪያ በመሆኑ፣ መንጋው ካለቀ በኋላ እንኳ በሽታው በግድግዳው ውስጥ ይቆይ ነበር። በዚያው ዘመን የአትክልት ዘይት ረክሶ የአሣማ ሞራ ገበያ አጣ። በፍጥነት የሚያድጉና ስባቸው ያነሰ ነጭ አሣማዎች ከሰሜን አውሮፓ ገብተው በቤት ውስጥ መርባት ጀመሩ። ጥቁሩ የኢቤሪያ ዝርያ ቁጥሩ አሽቆለቆለ፤ ብዙ ኦኮችም ተነቅለው መሬቱ ለእህል እርሻ ዋለ።

መንግሥት ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታተለው ሰፊ ዘመቻ በሽታ ያለባቸው መንጋዎች በደም ምርመራ እየተለዩ ተወገዱ፣ የአሮጌ ጋጣዎች ሁኔታም ተሻሻለ። በ1995 ዓ.ም. ስፔን ከበሽታው ነጻ መሆንዋ ታወጀ። ገበያው ሲከፈትና የሕዝቡ ገቢ ሲያድግ የደረቀው ጭን የሚፈለግ ውድ ዕቃ ሆነ። ውድ ዕቃ ደግሞ አስመሳይ አያጣም።

መሣሪያው የታለለበት ጊዜ

የኦክ ፍሬ የበላ አሣማ ጭን፣ እህል ከበላው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ሁለቱን ከውጭ በማየት መለየት ለባለሙያ እንኳ ያስቸግራል። ገዥዎች በመጀመሪያ የተማመኑት በጣት ነበር፤ ስቡን ተጭነው ልስላሴውን ይፈትኑ ነበር። ኋላ ላይ የተሻለ መሣሪያ ተገኘ።

በ1952 ዓ.ም. ጄምስና ማርቲን የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት የስብ አሲዶችን በጋዝ ተሸክሞ በረጅም ቀጭን ቱቦ እያሳለፈ አንድ በአንድ የሚለይ ዘዴ አሳተሙ። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የተባለው መሣሪያ መሠረቱ ይኸው ነው። በስፔን የሥጋ ገበያ ይህ መሣሪያ ዳኛ ሆነ። ከታረደው መንጋ የቆዳ ሥር ስብ ናሙና ይወሰዳል፤ የፓልሚቲክ፣ የስቴሪክ፣ የኦሌይክና የሊኖሌይክ አሲድ መጠን ይለካል፤ ቁጥሮቹ ከተወሰነው ወሰን ካለፉ መንጋው የኦክ ፍሬ የበላ ተብሎ ይከፈልበታል። አንድ ናሙና፣ አራት ቁጥር፣ አንድ ፍርድ። ከክርክርና ከአድልዎ የራቀ ስለሚመስል ሁሉም ተቀበለው።

ይሁንና መሣሪያው የሚለካው ኦሌይክ አሲድን እንጂ ዛፍን አልነበረም። ተክል አዳቃዮች ኦሌይክ አሲድ የበዛበት የሱፍ ዝርያ አስገኝተው ነበር። የዚህ ሱፍ ዘይት በመኖ ውስጥ ሲገባ፣ አንድም ቀን ከዛፍ ሥር ያልቆመ አሣማ ስብ በክሮማቶግራፉ ፊት የኦክ ፍሬ የበላውን መሰለ። አሣማ የበላውን ዘይት ሳይለውጥ የሚያከማች መሆኑ ቀድሞ እውነቱን ለመግለጥ እንደረዳ ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ለማታለል ረዳ። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ሊቃውንቱ ሌሎች ምልክቶችን ፈለጉ። በቆሎ በስቡ የካርቦን ዓይነት ላይ ልዩ ምልክት ስለሚተው በቆሎ የበላውን መለየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ገብስና ስንዴ ያንን ምልክት አይተዉም። በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ፈጣን ምርመራም ተሞከረ። እያንዳንዱ ዘዴ ጠቃሚ ቢሆንም ሁሉም የሚፈልጉት የጉዳዩን ጥላ ነበር። አንድ ምልክት በታወቀ ቁጥር ያንኑ ምልክት የሚያስገኝ መኖ ማዘጋጀት ይቻላል።

ወደ ዛፉ መመለስ

የስፔን መንግሥት በዚህ ዝርያ ምርቶች ላይ የመጀመሪያውን የጥራት ደንብ ያወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የማረጋገጫውን ክብደት ከላቦራቶሪ ወደ መስክ ቁጥጥር አዛወረ። ዛሬ የሚሠራበት የ2014 ዓ.ም. ደንብ ደግሞ ይህንኑ መንገድ በዝርዝር አስቀመጠ።

በዚህ ደንብ መሠረት «ቤዮታ»፣ ማለትም የኦክ ፍሬ፣ የሚል ስም የሚያገኝ ሥጋ ብዙ ሁኔታዎችን ማሟላት አለበት። አሣማዎቹ ወደ መስኩ የሚገቡት ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 15 ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ የመንጋው አማካይ ክብደት ከ92 እስከ 115 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። በመስኩ ላይ ቢያንስ 60 ቀን ቆይተው፣ ከፍሬና ከሣር ብቻ ቢያንስ 46 ኪሎ ግራም መጨመር ይገባቸዋል። ሲታረዱ ዕድሜያቸው ከ14 ወር ያላነሰ ይሆናል። ወራቱ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው አይዘነጋም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመሬቱ ላይ የተጣለው ወሰን ነው። በሄክታር የሚሰማራው አሣማ ብዛት በዛፎቹ ሽፋን መጠን ይወሰናል። ዛፍ በሳሳበት ለ4 ሄክታር አንድ አሣማ ብቻ ይፈቀዳል፤ ዛፍ በበዛበት እንኳ በሄክታር ከ1.25 አይበልጥም። የዛፉ ሽፋን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከተመሠረተው የመሬት መዝገብ ይገኛል። ተቆጣጣሪውም ወደ መስኩ ሄዶ የፍሬውን መጠንና የመንጋውን ብዛት ያያል። በሥጋው ላይ የሚታሰረው ምልክት በቀለም ይለያል። ጥቁሩ ንጹሕ የኢቤሪያ ዝርያ ሆኖ የኦክ ፍሬ ለበላ፣ ቀዩ ከሌላ ዝርያ ተዳቅሎ ፍሬውን ለበላ፣ አረንጓዴው በመስክ እየተሰማራ እህልም ለተጨመረለት፣ ነጩ ደግሞ በጋጣ መኖ ለበላ ነው።

እንዲህ ሆኖ የ1086ቱ ጸሐፊ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ይህ ጫካ ለስንት አሣማ ይበቃል? ልዩነቱ በዓይን ግምት ፈንታ የአየር ፎቶግራፍ መግባቱ ነው። የላቦራቶሪው ዕውቀት በከንቱ አልቀረም፤ ፍሬውና ሣሩ ለምን ጥራት እንደሚሰጡ ያስረዳው እርሱ ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ያስረዳ መሣሪያ ሁሉ ለዳኝነት አይበቃም። የስብ አሲድን በመኖ መለወጥ ይቻላል፤ በቂ ዛፍ በሌለው መሬት ላይ ግን ዛፍ አለ ብሎ ማስመሰል እጅግ ይከብዳል።

የመስክ ቁጥጥርም ቢሆን ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ተቆጣጣሪው ሰው ነው፤ በየዕለቱም በየመስኩ ሊገኝ አይችልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የዛፎቹ ሁኔታ ነው። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ በዴሄሳ ብዙ ኦኮች እየደረቁ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በአፈር ውስጥ የሚኖርና ሥሩን የሚያበሰብስ ፊቶፍቶራ የተባለ ተውሳክ ሲሆን፣ ተደጋጋሚ ድርቅም ያባብሰዋል። በብዙ ቦታ የቆሙት ዛፎች ያረጁ ናቸው፤ ችግኙን ከብትና አሣማ ስለሚበላው ተተኪ አይወጣም። ዛሬ የሚተከል ኦክ መንጋ የሚመግብ ፍሬ እስኪሰጥ በዐሥር የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ደንቡ በዛፍ ሽፋን ላይ መመሥረቱ ግን አንድ መልካም ውጤት አለው። ዛፉ የደረቀበት ባለርስት የሚያሰማራውን መንጋ መቀነስ ይገደዳልና፣ ጥራቱን የሚጠብቀው ሕግ የጥራቱን ምንጭ የመጠበቅ ጥቅምም ይፈጥራል። በላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ ይመራ በነበረው አሠራር ዛፉ ቢጠፋም ምርቱ በሱፍ ዘይት ሊቀጥል ይችል ነበር።

ለመሐንዲሱና ለደረጃ አውጪው ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ መለኪያ ሲመረጥ ትክክለኛነቱ ብቻ ሳይሆን፣ መለኪያውን አውቆ ሊያታልል የሚፈልግ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችልም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የኢትዮጵያ ማር፣ ቅቤና ቡና ስማቸው ከመስካቸው ጋር የተያያዘ ምርቶች ናቸውና፣ ስሙን የሚጠብቅ ደረጃ በሚዘጋጅበት ጊዜ ከናሙናው ጠርሙስ ጋር አበባው፣ ሣሩና የዛፉ ጥላ በመለኪያው ውስጥ ስፍራ ሊኖራቸው ይገባል።